የፋይበርግላስ ማቀዝቀዣ ማማ፦ አካላቱ፣ ቁሳቁሱና የጎንደር ውኃ



ቢራ ሲብላላ ሙቀት ያመነጫል። በከተማችን እንዳለው ዳሽን ያለ ማንኛውም ቢራ ፋብሪካ ይህን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውጭ አየር መጣል ይኖርበታል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ማቀዝቀዣ ማማ ነው። ሙቁ ውኃ ከላይ ይረጫል፤ ማራገቢያው አየር ይስባል፤ ጥቂቱ ውኃ ሲተን የቀረው ይቀዘቅዛል።

የማማው ቅርፊት ከብርጭቆ ክርና ከፖሊስተር ሬዚን የተሠራ ነው። አይዝግም፤ ክብደቱም ቀላል በመሆኑ በየክፍሉ ተጭኖ መጥቶ በብሎን ይገጣጠማል። ጠላቱ ፀሐይ ናት። ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ የላይኛው ሽፋን፣ ማለትም ጄልኮቱ፣ ስስ ከሆነ ሬዚኑ ይበላና የብርጭቆው ክር እንደ ፀጉር ብቅ ይላል። ገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው።

ማራገቢያውም የከፍታ ጉዳይ አለበት። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያንቀሳቅሰው አየር በክብደት ያንሳል። በአንጻሩ ስስ አየር በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ብዙ እንፋሎት ስለሚሸከም ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል። ስለሆነም ለባሕር ጠለል የተዘጋጀውን የአምራች ሠንጠረዥ እንዳለ መቀበልም፣ ውጤቱን በአንድ አምስተኛ መቀነስም ስህተት ነው፤ ስሌቱ ለቦታው እንደገና ሊሠራ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ውኃው። አንድ ሜጋ ዋት ሙቀት በትነት ብቻ የሚያስወግድ ማማ በቀን 35 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያተናል። ውኃው ሲተን ጨው በገንዳው ይቀራል፤ ስለዚህ የተወሰነው ውኃ እየተደፋ በአዲስ መተካት አለበት። የጨው ክምችቱ ከገቢው ውኃ ሦስት እጥፍ ሲደርስ የሚደፋ ከሆነ በቀን ወደ 18 ሜትር ኩብ ይባክናል፤ አምስት እጥፍ እስኪደርስ ከተጠበቀ ግን ወደ 9 ይወርዳል። ልዩነቱ 450 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ነዋሪ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

እስከ አምስት እጥፍ መጠበቅ የሚቻለው ግን የውስጥ አካላቱ ሲፈቅዱ ነው። ውኃው በስስ ሽፋን የሚወርድባቸው የፒቪሲ ንጣፎች መተላለፊያቸው ጠባብ ከሆነ በኖራና በደለል ይደፈናሉ። የአንገረብን ግድብ የሚያውቅ ሰው ደለል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በበጋ ደግሞ ማራገቢያው የአካባቢውን አቧራ ይስባል። ለእኛ የሚመቸው ሰፊ መተላለፊያ ያለው ንጣፍ ነው። ቅዝቃዜው ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሊታጠብ ይችላል። ፒቪሲ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚልም አትዘንጉ። ከማራገቢያው በታች ያለው የጠብታ መያዣም አንዱ ክፍል ሲሰበር የሚተካ መሆን አለበት፤ የተሰበረው ጋ ጠብታው ከአየሩ ጋር ይወጣል።

በመጨረሻም መድፊያው ቫልቭ በእጅ ሳይሆን የውኃውን ጨዋማነት በሚለካ መሣሪያ ሊከፈትና ሊዘጋ ይገባል። ዋጋው ከማማው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በግዢ ሰነድ ላይ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።