ስለ አሮጌ ፎቶግራፎች በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተሰጠ ንግግር



ይህ ንግግር ባለፈው እሑድ በቃል የተሰማ ነው። በዝናቡ ምክንያት የቀራችሁ፣ ከኋላ ተቀምጣችሁም ያልሰማችሁ ስላላችሁ፣ ጽፈን በሰሌዳው ላይ እንድንለጥፈው ታዘዝን። እንደ ተናገርነው ነው የጻፍነው። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለ ሆነ የአጻጻፍ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልን።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውን ፎቶግራፎች አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ «የፈረንጅ ዓሣ ሻጮች ለእኛ ምናችን ናቸው?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያልነው። ቅጂዎቹን ያመጣችልን ለትምህርት እዚያ ቆይታ የተመለሰች የአንድ አባላችን ልጅ ናት። እሷ እያሳየች ስታስረዳን ግን ነገሩ ወደ ራሳችን ሣጥን መለሰን። ስለ ሣጥኑ ኋላ እንነግራችኋለን።

ከተማይቱ ሴንት አንድሩስ ትባላለች። በስኮትላንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟም የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ትሁን እንጂ አንዱ ጫፏ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነበር። በፎቶግራፍ ነገር ከብዙ ትላልቅ ከተሞች ትቀድማለች። እንዴት ብትሉ፣ ቶልቦት የተባለ እንግሊዛዊ በብር ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ምስል የሚያዝበትን ካሎታይፕ የተባለ ዘዴ ፈጥሮ በ1841 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝ በዚህ ዘዴ ለመሥራት ፈቃድ መግዛት ያስፈልግ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ግን መብቱ አልወጣም፤ የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ መሞከር ይችል ነበር። የቶልቦት ወዳጅ የነበሩት ሊቁ ሰር ዴቪድ ብሩስተር ደግሞ የሚኖሩት ሴንት አንድሩስ ነበር። ስለ ዘዴው በደብዳቤ የሚደርሳቸውን ለከተማው ሰዎች አካፈሉ። ዶክተር ጆን አዳምሰን የተባሉ የከተማው ሐኪም በዚያው በ1841 በስኮትላንድ የመጀመሪያውን የካሎታይፕ የሰው ምስል አነሡ። ሙያውንም ለታናሽ ወንድማቸው ለሮበርት አስተማሩት።

ሮበርት በ1843 ወደ ኤዲንብራ ሄዶ ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል ከተባለ ሠዓሊ ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ። ሂል በዚያ ዓመት ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የወጡትን ቄሶች ጉባኤ በአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ ሊሥል ተነሥቶ ነበር። ከ400 በላይ ፊት በቃል መያዝ አይቻልምና እያንዳንዱን በፎቶግራፍ መያዝ አስፈለገ። የቄሶቹ ስም ታዲያ በአብዛኛው ይታወቃል፤ ማን ማን እንደ ሆነ ተመዝግቧል። ሥዕሉ ያለቀው በ1866 ነው። ሮበርት ግን ገና በ26 ዓመቱ በ1848 ሞተ። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሁለቱ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ምስል ትተዋል።

አሁን ከበሩ አጠገብ ያለውን ፎቶግራፍ ተመልከቱ። ይህ ቄስም መኳንንትም የለበትም። የሴንት አንድሩስ የአጥማጆች ሰፈር መንገድ ነው። ሴቶችና ልጆች ከድንጋይ ቤቶቻቸው ፊት ቁጭ ብለው በዓሣ ማጥመጃው ገመድ ላይ ማባበያ እየሰኩ ነው። በዚያን ጊዜ ካሎታይፕ ፈጣን አልነበረም፤ በጸሐይ ብርሃንም ቢሆን ምስሉ እስኪያዝ ዝም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል፤ የተንቀሳቀሰው ይደበዝዛል። እኛ በሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ለአንድ አፍታ «እንዳትንቀሳቀሱ» ሲለን እንኳ እናማርራለን።

ሥራቸውን ሰምታችሁ ተረዱልን። ወንዶቹ ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ብዙ መቶ መንጠቆ ያለው ገመድ መዘጋጀት አለበት። በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ ከቅርፊቱ የወጣ የባሕር እንስሳ ሥጋ ይሰካል። ቅርፊቱን በቢላ የሚከፍቱት፣ የሚሰኩትና ገመዱ እንዳይወሳሰብ በቅርጫት የሚደረድሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ገመዱ ከባሕር ሲመለስ ተጠርጎ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ከእናቶቻችን አንዷ ይህን ፎቶግራፍ ረጅም ጊዜ ቆመው ካዩ በኋላ «ጣታቸው ምን ያህል ይቆስል ነበር!» አሉ። ሌሎቻችን ቤቱን ስናይ እሳቸው ያዩት ጣታቸውን ነው።

እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው? ከፎቶግራፉ ጋር ስማቸው አልተጻፈም። የሰፈሩ ስም ነው የተጻፈው።

ከዚህ ጎን ያለችው ሴት ደግሞ ከኒውሄቨን ናት። ኒውሄቨን በዚያን ጊዜ የአጥማጆች መንደር ነበር፤ ዛሬ የኤዲንብራ ክፍል ነው። የመንደሩ ሴቶች ዓሣውን በትልቅ ቅርጫት በጀርባቸው ተሸክመው፣ ዳገቱን ወጥተው ኤዲንብራ ከተማ ውስጥ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶቻችንን ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሂልና አዳምሰን እነዚህን ሴቶች ደጋግመው አንሥተዋቸዋል። ይህችኛዋ ኤልዛቤት ጆንስተን ሆል ትባላለች። ባለ ሸንተረር ልብስ ለብሳ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋለች። ስሟ በመያዙ ይኸው ከ170 ዓመት በላይ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ ስሟ ተጠራ።

ከዚያ ወዲህ ሴንት አንድሩስ ፎቶ አንሺ አጥታ አታውቅም። ቶማስ ሮጀር በዶክተር አዳምሰን ሠልጥኖ የከተማይቱ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ሆነ። በቀጣዩ ምዕተ ዓመት ጆርጅ ካዊ የተባለ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የከተማውን የዕለት ኑሮ ለብዙ ዓመታት አነሣ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከሴንት አንድሩስ በስተ ደቡብ በዚያው ዳርቻ አይማውዝ የምትባል ሌላ ትንሽ የአጥማጆች ከተማ አለች። በጥቅምት 14 ቀን 1881 ድንገተኛ ማዕበል ተነሥቶ በዚያ አካባቢ 189 አጥማጆች ሞቱ። ከእነሱ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ። ከኒውሄቨንም የሞቱ አሉ። ባሕር የወሰደው ሰው ሁልጊዜ አይመለስም፤ መቃብርም አይኖረውም። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ አጥማጅ ፎቶግራፍ ከነስሙ መገኘቱ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ወደ ሣጥናችን እንምጣ። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ከመጋዘኑ ያወጣነው የእንጨት ሣጥን ውስጥ 143 ፎቶግራፎች ተገኙ። ከኮሚቴያችን አንዳንዶቻችን «ማን እንደ ሆኑ አይታወቅም፣ ቦታ ይይዛሉ፣ ይጣሉ» ብለን ነበር። አዎን፣ ብለናል፤ አንክድም። በዚያው ሰሞን አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው የውሃ ቧንቧው ሲዘረጋ ከቆፋሪዎቹ ጋር ፎቶ ተነሥተው እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ፎቶግራፉን ፈልገን አገኘን። ውሃ ስለ ነካው ፊቶቹ ደብዝዘዋል። እናትዮዋ «ይኼ ነው» ብለው ዶማ የያዘውን አሳዩ። ልጃቸው «አይደለም እማዬ፣ አባባ ያኛው ነው» ብሎ ከዳር የቆመውን አሳየ። ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። እኛ ገልብጠን ጀርባውን አየን። «የቧንቧ ሥራ» ይላል፤ ከሥሩ የማኅበሩ ማኅተም አለ። ማኅተም ማድረግ አልረሳንም፤ ስም መጻፍ ግን ረሳን። እናትዮዋ ፎቶግራፉን በነጠላቸው ጠርገው መለሱልንና ሄዱ። በምን ቃል እንደምናጽናናቸው አላወቅንም።

ስለዚህ ኮሚቴው እንዲህ ወስኗል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ፎቶግራፎቹ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ የምታውቁትን ትናገራላችሁ፣ እኛ እንጽፋለን። ቤታችሁ ያለውንም አምጡ፤ እዚያው ተመዝግቦ ይመለስላችኋል። በጀርባው የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ይሰርጋል። ስሙን ብቻ ሳይሆን ምን ሲሠራ እንደ ነበረም ይጻፍ። ያልታወቀ ሰው ካለ ክፍት ይተው፤ በግምት አይሞላ።

ከቅዳሜው በፊት ግን የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን ዘንድ እንሄዳለን። ቧንቧው ሲዘረጋ ከነበሩት በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደምታውቁት አልጋ ላይ ናቸው፤ ጧት ጧት ይሻላቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ይደክማል። ሐሙስ ጧት በሁለት ሰዓት ከበራቸው እንገናኝ። ሣጥኑ ከባድ ስለ ሆነ የሚሸከሙ ሁለት ወጣቶች እስከ ረቡዕ ማታ ስማቸውን ለእኛ ይስጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ