ሳይቀበል የሚሰጠው መካከለኛ



ባለፈው ነሐሴ ከአጣዬ ወደ ካራቆሬ ስመጣ ከመንገድ ዳር ካለ የማሾ ማሳ ገብቼ፣ ባለቤቱን ሽማግሌ አስፈቅጄ አንድ እግር ብነቅል፣ ሽማግሌው በሥሩ ላይ የተንዠረገጉትን እብጠቶች አይተው «ልጄ፣ ይኸስ ታሟል» አሉኝ። አንዱን በጥፍሬ ሰንጥቄ እንደ ደም የቀላውን ውስጡን አሳየኋቸው። ያ ቅላት ኦክሲጅንን በልክ የሚይዝ ዘብ ነው፤ ኦክሲጅን በብዛት ቢገባ በእብጠቶቹ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ውስጥ ያለው ናይትሮጂኔዝ የተባለው ኤንዛይም ይጠፋልና። ፋብሪካ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና በብርቱ ግፊት የሚፈጽመውን፣ ከአየሩ ናይትሮጂን አሞንያ የማውጣቱን ግብር፣ ይህ ኤንዛይም በቆላው አፈር ሙቀት ብቻ ይፈጽመዋል።

አሠራሩን ሳስበው ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ትዝ ይለኛል፤ ሙስሊሞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ምሳሌው የሕንፃ እንጂ የሃይማኖት እንዳልሆነ ይረዱልኛል። በቅኔ ማኅሌቱ በኩል 4 ብረትና 4 ድኝ የተሸከመ መልእክተኛ ፕሮቲን አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ይመጣል፤ በቅድስቱ 8 ብረትና 7 ድኝ ያለው መካከለኛ ይጠብቀዋል፤ በመቅደሱ ደግሞ 7 ብረት፣ 9 ድኝ፣ አንድ ሞሊብዲነምና በልባቸው የተሰወረ አንድ ካርቦን አለ፤ ናይትሮጂን የሚለወጠው በዚያ ነው። ማንም ሰው ኤሌክትሮኑ ከውጭ ወደ መካከል፣ ከመካከል ወደ ውስጥ በተራ ያልፋል ብሎ ይገምታል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ሊቃውንት ፍጥነቱን በሴኮንድ ክፋዮች ሲለኩ ያገኙት ሌላ ነው፦ መልእክተኛው ገና ከደጁ ሲጣበቅ መካከለኛው አስቀድሞ ከራሱ ገንዘብ አንድ ኤሌክትሮን ለመቅደሱ ይሰጣል፣ ጐድሎም ሳለ ከመልእክተኛው ይተካለታል። መልእክተኛው ይዞት የመጣው ኤቲፒ የተባለ ስንቅ፣ ለአንድ ኤሌክትሮን ሁለት ሁለት፣ የሚፈርሰውም ኤሌክትሮኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ መልእክተኛው ተላቆ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል።

ይህ ምልልስ 8 ጊዜ ይደጋገማል፤ 16 ኤቲፒም ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኖች ናይትሮጂንን አይነኩትም፤ በመቅደሱ ውስጥ ከሃይድሮጂን ጋር ይከማቻሉ፤ አራቱ ሲሞሉ ሁለት ሃይድሮጂን ተጣምረው እንደ ጋዝ ይወጣሉ፣ ናይትሮጂንም በቦታቸው ይገባል። ያን ሃይድሮጂን አንዳንዶች ብክነት ይሉታል፤ እኔ ግን የመግቢያ ዋጋ ነው እላለሁ።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ስንቁን ማን ይችላል?» አሉ። ቅጠሉ ከፀሐይ በሠራው ስኳር ተክሉ ራሱ እንደሚችል ነገርኳቸው። የነቀልኩትን ማሾ ከእጄ ተቀብለው ጥቂት አገላበጡትና፣ «ወላሂ፣ ዘንድሮ ፍሬውን ለቅሜ ሥሩን ከመሬት እተወዋለሁ» ብለው ወደ ማሳቸው ተመለሱ።