«የውሃ ማማ» ማለት ምን ማለት ነው?



ባለፈው ሳምንት አብረን ስናነብ «ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ናት» የሚል አባባል አገኘን። ያን ጊዜ ከመካከላችሁ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ እኛ ማማ የምንለው የገብስ ጠባቂ የሚወጣበትን የእንጨት ርብራብ ነው። ውሃ ማማ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ሳቅን። አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «የውሃ ማማ ላይ ተቀምጠን፣ በሚያዝያ እንስራ ተሸክመን ገደል ለገደል የምንንከራተተው ስለ ምንድን ነው?» አሉ። እኛ ዘማቾቹ ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠንም። ዛሬ የቆምነው ያን ዕዳ ለመክፈል ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። በከተማ ውሃ በቧንቧ ለየቤቱ እንዲደርስ አንድ ትልቅ የውሃ ጋን በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይቀመጣል። እሱ የውሃ ማማ ይባላል። ውሃው ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ፣ ሳይገፉት በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ወንዝ የሚፈልቅበት ደጋ አገርም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ስዊዘርላንድ፣ በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በጊኒ ያለው የፉታ ጃሎን ደጋ እንዲሁ ይባላሉ።

ታዲያ ተራራ ውሃን ከየት ያመጣል? ድስት ሲፈላ ክዳኑን አንስታችሁ እዩት። ከሥሩ ጠብታ ተንጠልጥሏል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆነ ማለት ነው። በክረምትም እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራም ዓባይን ይቀላቀላል። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከ100 እጅ 85 እጅ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ስሙ ሐሰት አይደለም።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ስሜንን «የአፍሪካ ጣሪያ» የሚሉም አሉ። ጣሪያና የውሃ ማማ ግን አንድ አይደሉም። ጣሪያ ዝናብ ሲዘንብ ያወርዳል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል። የውሃ ማማ ግን ጋን አለው። ውሃውን ይይዛል፤ በልክ በልክ ይሰጣል።

የተራራው ጋን የቱ ነው? አፈሩ ነው። ሣር፣ ጓሳና አስታ የለበሰ መሬት ዝናቡን ይመጠዋል። በበጋም በምንጭ በኩል ጥቂት በጥቂት ይሰጠናል። ተዳፋቱ ሲራቆትና ከላይ ወደ ታች ሲታረስ ግን ውሃው አይሰርግም፤ ይሮጣል። ሲሮጥም አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ የፈሰሰው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጋኑም ተሰበረ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ የሚያሳድደን፣ ሚያዝያ ላይ ምንጩ የሚደርቅብን ለዚህ ነው።

ያ አፈር የት ይደርሳል? ለብዙ ሺህ ዓመታት የግብፅ ገበሬ የዘራበት ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የተጠረገ ነው። ዛሬ ደግሞ በተከዜ ላይ 188 ሜትር ቁመት ያለው የመብራት ኃይል ግድብ አለ። ከኛ ተዳፋት የተጠረገ አፈር እዚያ ሲተኛ የግድቡን ሆድ ይሞላል። እኛ እርሻ እናጣለን፤ ግድቡም የውሃ ቦታ ያጣል።

ይህን የምንለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ሰው ሲበዛና መሬት ሲጠብ ገደሉ የሚታረሰው በችግር ነው። እርከን ከማሳ ላይ ቦታ እንደሚወስድ እናውቃለን። ከምንጭ በላይ ያለውን ሣር ለከብት መከልከልም ቀላል አይደለም። ጥቅሙም በአንድ ክረምት አይታይም። ቢሆንም ተዳፋቱን አግድም ማረስ፣ እርከን መሥራት፣ ቦረቦሩን በድንጋይ መከተር፣ ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ማስከለል የተሰበረውን ጋን መጠገኛ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው የጎረቤቱ ጎርፍ ያፈርስበታል። ሥራው ከላይኛው ማሳ ጀምሮ በደቦ ቢሆን ይጸናል።

አባታችን የጠየቁን ማማም ከዚህ ይገናኛል። ገብሱን የሚያድነው ርብራቡ አይደለም፤ ወንጭፍ ይዞ የተቀመጠው ጠባቂ ነው። ጠባቂው ካንቀላፋ ዝንጀሮ ይገባል፤ ማማውም ባዶ እንጨት ሆኖ ይቀራል። የአገራችንም ስም እንዲሁ ነው። ከፍ ብሎ መቀመጥ ብቻውን ውሃ አያጠጣም፤ መጠበቅን ይፈልጋል።

እስከ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በየደብተራችሁ የመንደራችሁን ምንጮች ስም ጻፉ። በልጅነታችሁ ዓመቱን ሙሉ ይፈሱ የነበሩትን፣ አሁን ግን በበጋ የሚደርቁትን ለይታችሁ አስምሩባቸው። ስማቸው የጠፋባችሁ ካለ አረጋውያንን ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዝርዝሩን አብረን እናነባለን፤ የትኛውን ምንጭ አስቀድመን እንደምናስከልልም እንመካከራለን።