የጉልበት ዋጋ፦ ብርቱ ስቴሽን ዋገንና የዕለት ተዕለት የነዳጅ ፍጆታው በአርሲ ደጋ

በአሰላ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በአንድ በኩል የመካኒክስ ትምህርት፣ በሌላ በኩል የኪስና የበጀት ጉዳይ ነው። ብርቱ ሞተር ያለው ስቴሽን ዋገን፣ በአገራችን በአብዛኛው ላንድክሩዘር ተብሎ የሚታወቀው ተሽከርካሪ፣ በየዕለቱ ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል? ፍጆታውስ ከየት ይመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዳገቱ ነው» ወይም «ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ከፊል እውነት አላቸው። እኔ ላስረዳ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ ብርቱ መኪና ይበልጥ የሚያከስረን ጉልበቱን በምንጠቀምበት ረጅም ዳገት ሳይሆን ጉልበቱን ፈጽሞ በማንፈልግበት አጭር ጉዞ ነው። ያልተጠቀምንበት ጉልበትም ዋጋ አለው።

ስቴሽን ዋገን በደጋው ለምን ተፈለገ?

የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚመረትበት፣ ክረምቱ የሚበረታበት፣ መንገዱ ዋልካ መሬትና ገደል የሚፈራረቁበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውና በአህጽሮቱ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ከተመሠረተ ወዲህ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና መሐንዲሱ ከአሰላ ተነሥተው ወደ ሳጉሬ፣ ወደ በቆጂ፣ ወደ ሙኔሳና ወደ ሽርካ መውጣት የዘወትር ሥራቸው ሆኗል። ሰውንና ዕቃን አንድ ላይ የሚጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚስቡለት መኪና ለእንዲህ ያለው ሥራ ቅንጦት አይደለም፤ መሣሪያ ነው። የወረዳው አምቡላንስም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በጊዜ ብዛት የክብር ምልክትም ሆነ። በሕዝብ አፍ «ቪ ኤይት» የሚለው ስም የሲሊንደሮችን አደራደር መግለጹ ቀርቶ የባለሥልጣንን ወይም የባለጸጋን መኪና መግለጽ ጀመረ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት፤ የሲሊንደር ቁጥርና ጉልበት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300 ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 3.3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ ቀርቧል፤ ይህ ሞተር በሁለት ቱርቦ ታግዞ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል። ከእርሱ በፊት የነበረው ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር እዚህ ደረጃ አይደርስም ነበር። እንግዲህ ስሙ ሌላ፣ ሥራው ሌላ ነው።

ስስ አየርና ሞተር

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በአሰላ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚስበው ኦክስጅን በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር በአሰላ ጎዳና ላይ 100 እንኳ ለመድረስ ይቸገራል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ ይህን ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ ናት። በከፍታ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች በማብዛት ከስሱ አየር ጋር ይላመዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን መላመድ አይችልም። ቱርቦ አየሩን አፍኖ ወደ ሲሊንደሩ በማስገባት የጎደለውን በአብዛኛው ይመልስለታል።

ከዚህ በመነሣት «ስስ አየር የነዳጅ ፍጆታን ይጨምራል» ብሎ መደምደም ግን አይገባም። በሜዳማ መንገድ በእኩል ፍጥነት ስንጓዝ መኪናው የሚገፋው አየርም በዚያው መጠን ስለሚሳሳ የአየሩ ተቃውሞ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት አየር ለመሳብ የሚያባክነው ኃይል ያንሳል። ፍጆታውን የሚጨምሩት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ጉልበቱ የቀነሰበት አሽከርካሪ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ መንዳቱ ነው። ሁለተኛው፣ ለቆላ የተስተካከለ የቆየ የናፍጣ ፓምፕ በደጋ የማይቃጠል ትርፍ ናፍጣ መርጨቱ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ በሌላ አነጋገር ባለቤቱ ከፍሎበት ወደ አየር የበተነው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፓምፑንና ኖዝሉን ማስፈተሽ፣ የአየር ማጣሪያውንም በበጋ አቧራ ወራት ቶሎ ቶሎ ማጽዳትና መለወጥ ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

አሁን ብዙ ወቀሳ ወደሚሸከመው ዳገት እንምጣ። ከአዳማ የተነሣ መኪና ወደ አዋሽ መልካሳ ወርዶ 1,550 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ ይወጣል። የሚወጣው ከፍታ 850 ሜትር ገደማ ነው። ከነተሳፋሪው 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስቴሽን ዋገንን ይህን ያህል ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል ክብደቱን፣ የመሬት ስበትንና ከፍታውን በማባዛት ይገኛል፤ ውጤቱም 21 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይዟል። ሞተሩ ከዚህ 30 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል ከአንድ ሊትር የምናገኘው ወደ 11 ሜጋ ጁል ነው። ስለዚህ ከሜዳው ጉዞ ፍጆታ በላይ ዳገቱ የሚጠይቀን 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ብቻ ነው። ግማሽ ክብደት ላለው መኪና ደግሞ 1 ሊትር ይበቃዋል።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። በዳገት የምንከፍለው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በክብደት ነው። እንዲሁም ዳገቱ እንደምናስበው አያከስርም፤ በቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳልና። እዚህ ላይ ግን በአሽከርካሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ። በኤሌክትሮኒክ በሚቆጣጠር ሞተር መኪናው በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ የነዳጅ መርጫው ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው መኪናው ራሱ ይሆናል። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ በሕይወት ለመቆየት ነዳጅ ይፈልጋል። የሞተሩ ቅነሳ ስለማይኖርም ከ2 ቶን በላይ የሆነውን ክብደት ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል፤ ሲግል ደግሞ ኃይሉን ያጣል። በፎሌ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፤ ሕይወትን ግን አደጋ ላይ ይጥላል።

የከተማው ሒሳብ

ነገር በምሳሌ ይብራራልና አንድ ስሌት እናስላ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለመኪና በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ስቴሽን ዋገናችን በአገር አቋራጭ መንገድ በ1 ሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ አጫጭር ጉዞዎች ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በከተማ በቀን 15 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 375 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፍጆታውም 75 ሊትር ነው። ያው መኪና ከአሰላ አዳማ ደርሶ ሲመለስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አራት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የዚህም ፍጆታ 75 ሊትር ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ደብዳቤ ማስፈረም፣ ገበያ ደርሶ መምጣት፣ ማንም እንደ ጉዞ የማይቆጥራቸው እነዚህ ምልልሶች ከአራት የአዳማ ጉዞዎች ጋር እኩል ነዳጅ ይጨርሳሉ ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሰላ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው። ትልቅ ሞተር ብዙ ብረት፣ ብዙ ዘይትና ብዙ ውኃ ስላለው ለመሞቅ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል፤ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲቆም ገና አልሞቀም። በየማቆሚያው የሚረገጠው ፍሬን ከባዱን መኪና ለማስነሣት የወጣውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። በመጨረሻም ትልልቅ ሲሊንደሮች ሥራ ባይኖራቸውም የውስጥ ሰበቃቸውን ለማሸነፍ ነዳጅ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲያጉረመርም በሰዓት አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል። ያልተጠቀምንበት ጉልበት ዋጋ አለው ማለቴ ይህንኑ ነው።

ይህ ዋጋ ቀድሞ በድጎማ ተሸፍኖ ነበር። ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ የሚገባ ሆኖ ሳለ የመሸጫው ዋጋ ለረጅም ጊዜ ከእውነተኛው ዋጋ በታች ቆይቷል። የዋጋ ማሻሻያው ሲጀመር፣ ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47.83 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። በሊትር 100 ብር ብንወስድ የከተማው 75 ሊትር በወር 7,500 ብር ነው። በዚያው ከተማ በ1 ሊትር 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አነስተኛ መኪና ለዚያው 375 ኪሎ ሜትር ከ3,200 ብር በታች ይበቃዋል።

ለአንድ ቤተሰብ ይህ የኪስ ጥያቄ ነው። ለአንድ ወረዳ ግን ከዚያ ይከብዳል። ከገጠር ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ለማምጣት አምቡላንሱ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና በ1 ሊትር 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 10 ሊትር ይፈጃል። አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና በወር ለከተማ ምልልስ የሚጨርሰው 75 ሊትር የሰባት እናቶች ጉዞ ነው። የነዳጅ በጀት ከአንድ ቋት በሚቀዳበት ቦታ ይህ ንጽጽር የቁጥር ጨዋታ አይደለም።

እንዴት እንለካ?

ያልተለካ ነገር ስለማይታረም መለኪያውን በአጭሩ ላስረዳ። ታንከሩን በአንድ ማደያ እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር መመዝገብ፤ ከተጓዙ በኋላ እዚያው ማደያ መልሶ መሙላትና የተጓዙትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ማካፈል። አሰላ ሞልቶ አዳማ የሚለካ ሰው ቁልቁለቱን ብቻ ስለሚለካ መኪናውን ያለ ተገቢው ያወድሳል፤ ስለዚህ ደርሶ መልስ መለካት አለበት። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ያስገጠመም ቆጣሪው አሳንሶ እንደሚቆጥር ይወቅ። የከተማውንና የገጠሩን ጉዞም ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አማካይ ቁጥር ሁለቱንም ይሸሽጋልና።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» የሚለው ልማዳዊ አነጋገር ራሱ ያሳስታል። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን መኪና 6 እንዲሄድ ብናደርግ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 3.3 ሊትር እናተርፋለን። በሊትር 12 የሚሄደውን ወደ 15 ብናሳድግ የምናተርፈው 1.7 ሊትር ብቻ ነው። በጆሮ ሲሰማ ሁለተኛው ትልቅ ይመስላል፤ በማደያው ግን የመጀመሪያው እጥፍ ይጠቅማል። ስለዚህ አባካኝ የተባለውን መኪና ትንሽ ማሻሻል ከንቱ ድካም አይደለም፤ ከሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ያለው እዚያ ነው። የጎማ ንፋስ መጠበቅ፣ የማያስፈልግ ጭነትንና ባዶ የጣራ ዕቃ መጫኛን ማውረድ፣ በአገር አቋራጭ ከ100 ይልቅ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጓዝ፣ ቆሞ ሞተር አለማስነሣት፣ ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ዙር መፈጸም፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም።

የቆዩት መኪናዎች ገና ይቆያሉ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ በበቆጂ ከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ በቁልቁለትም ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለከተማው አጭር ምልልስ የሚስማማ ነው። ነገር ግን ኃይል መሙያ እስኪስፋፋና ዋልካው መንገድ እስኪሠራ ድረስ የሩቁን ቀበሌ ሥራ የሚሠሩት ዛሬ በእጃችን ያሉት ስቴሽን ዋገኖች ናቸው። የሚተካቸው በቀላሉ ስለማይገኝ ዕድሜያቸውንም ነዳጃቸውንም ለተሠሩለት ሥራ ማቆየት ይገባናል።

ስለዚህ የምመክረው ብርቱውን መኪና መሸጥን አይደለም። በጭቃው፣ በዳገቱና በጭነቱ ቀን ዋጋውን ይከፍላል። የምመክረው በማግስቱ ማለዳ ለአንድ ደብዳቤ ቁልፉን ከማንሣታችን በፊት ይህ ጉዞ ስንት ሊትር እንደሆነ መጠየቅን ነው። ተማሪዎቻችን ደግሞ ይህን ጥያቄ ወደ ጥናት ሊለውጡት ይችላሉ፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ማደያና ጥቂት ወራት ይበቃሉ። የደጋው መኪናዎች ፍጆታ በደጋው ሰዎች እጅ ሊለካ ይገባዋል።