ስለ ማዕድ አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም ገና በተመሠረተችበት ወራት በደቀ መዛሙርት መካከል ማጕረምረም ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱ በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በዕለት ዕለቱ ዕደላ ስለ ተዘነጉ ነው። ሰው ከለከላቸው ተብሎ አልተጻፈም፤ ተረሱ እንጂ። ሐዋርያትም ይህን ነገር አልናቁትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን 7 ሰዎች አስመርጠው፥ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የተደረገው ለማዕድ አገልግሎት ነው! ከሰባቱም አንዱ ኋላ ቀዳሜ ሰማዕት የተባለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

ይህን ያነሣሁት በአንድ ደብር አጠገብ ባለች አነስተኛ የበጎ አድራጎት ጽሕፈት ቤት አንድ ቀን ስለ ዋልሁ ነው። ቤቲቱ አንድ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መዝገብና ሁለት አግዳሚ ወንበር አላት። የዱቄትና የዘይት ዕደላ ቀን ነበረና ገና ቅዳሴ ሳይፈጸም ደጁ በሰው ተሞላ። አንዲት እናት የቀበሌ መታወቂያዋን ረስታ መጥታ ታለቅሳለች፤ ከመጣው ጭነት 7 ከረጢት ጎድሎ ስለ ተገኘ ከሾፌሩ ጋራ ክርክር ተነሥቷል፤ ስልኩም አያርፍም። እኔም ጸሐፊውን እንዳግዝ መዝገቡን ተቀበልሁ። እውነቱን ልናገርና፥ እስከ 6 ሰዓት ድረስ የሰዎቹን ፊት አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የማየው ተራ ቍጥራቸውን ብቻ ሆነ።

ነጠላ የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ከማለዳ ጀምሮ በማዕዘኑ ተቀምጠው ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ ሁለት ጊዜም «እናቴ፥ ስምዎ እስኪጠራ ይታገሡ» ብዬ መለስኋቸው። ቃሉ ትሑት ይመስላል፤ ዓይኔን ግን ከመዝገቡ አላነሣሁም። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ዕደላው ሲያልቅ እርሳቸው ብቻ ቀሩ። ያን ጊዜ ስማቸውን ጠየቅሁ።

«አባቴ፥ የኔ ስም ከመዝገቡ የለም» አሉ። «ያለችው ጎረቤቴ ናት። ባለፈው እሑድ ዐረፈች። ስሟ እንደ ተጻፈ ቢቀር ዱቄቷ ለማንም ሳይደርስ ይቀራል ብዬ መጣሁ። በግቢያችን 3 ልጆች የያዘች ሴት አለችና በእርሷ ፈንታ ትጻፍ።»

«እርስዎስ?» ብንላቸው «እኔማ ጥጥ እፈትላለሁ፤ ጥቂት ጥቂት አገኛለሁ» አሉ። እህል ሳይቀምሱ ውለዋል።

በዚያ ቀን ማንንም አልከለከልንም፤ ሒሳቡም ገጥሞ ተዘጋ። ይሁን እንጂ እኒያ መበለት ከፊቴ ሳሉ ተረስተው ዋሉ። እንደዚህ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች በየሰበካችሁ አሉ፤ ከገንዘብ ይልቅ ሰው ያጥራቸዋል። በዕደላ ቀን መዝገብ ያዙ ብዬ አልለምናችሁም፤ እርሱን ጸሐፊው ይይዘዋል። ከማዕዘኑ ሄዳችሁ ከተቀመጡት ጋራ ተቀመጡ፤ ምን እንደሚፈልጉም ጠይቋቸው።

የቀረውን ልጨርስላችሁ። ጸሐፊው የሟቿን ስም ሊሰርዝ ብዕሩን ሲያነሣ አሮጊቷ እጁን ያዙት።

«ልጄ፥ ቀስ በል» አሉት። «አስቀድመህ ነፍስ ይማር በላት።»

ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ። እኔም መስቀሌን ይዤ ተነሣሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።