ከሪፖርቱ የቀረ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች አንድ መሐንዲስ እንዴት ደራሲ እንደሚሆን እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥያቄው ለእኔ የሚገባ መስሎ አልታየኝም። አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ብቻ ያሳተመ ሰው ደራሲ ነኝ ቢል፣ ድልድዩ አንድ ክረምት ሳያልፍበት ሪባን እንደሚያስቆርጥ ተቋራጭ ይቆጠራልና። ስለዚህ እንዴትና ምን አስቤ እንደ ጻፍሁ፣ ጽሑፉም ወደ ማተሚያ ቤት በምን መንገድ እንደ ደረሰ ብቻ እናገራለሁ።

ምሕንድስናና ብዕር አብረው አይሄዱም የሚለውን አስተያየት ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ በአማርኛ ከጻፉልን ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን ያገኙት ከሌላ ሥራ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በዲፕሎማትነትና በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛ ነበር። ከእኛው ሙያ ምስክር ካስፈለገ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1843 ከፒተርስበርግ የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተመርቆ ነበር፤ በዓመቱ ግን ሥራውን ለቀቀ። እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ ሌላው ሩስያዊ ፕላቶኖቭ ነው። በ1920ዎቹ በቮሮኔዥ አካባቢ ኩሬና ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። ስለ አንድ የመሠረት ጉድጓድ የሚተርከውን ልብ ወለዱን በ1930 ቢጨርሰውም፣ በገዛ አገሩ የታተመው እርሱ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኔ መዘግየት መዘግየት አይባልም።

ልማዴ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ እስከ 12 እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የመሥሪያ ቤቴ ነው። የምጽፈው በእርሳስ፣ ጊዜ ባለፈባቸው ንድፎች ጀርባ ላይ ነው። በቀን አንድ ገጽ ካገኘሁ ደስ ይለኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ግማሽ ነው፤ ልጄ ካመማት እርሱም የለም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር ግን በአጭሩ ላልፈው አልችልም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በአንድ የፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ሥራ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነበርሁ። ቦዩ 3 ሜትር ጥልቀት ነበረው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ይህ አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ውሃ ሲጠጣም እንደሚያብጥና ጉልበት እንደሚያጣ ለእናንተ መንገር አያሻም። ተቆፍሮ የወጣው አፈር በቦዩ አፋፍ ላይ ተከምሮ ነበር፤ የመደገፊያው እንጨትም በዚያ ጠዋት አልደረሰም። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ሥራውን ግን አላስቆምሁም። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ግድግዳው ወርዶ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀበረ። በሕይወት አልወጣም።

በማግሥቱ ሪፖርት ጻፍሁ። «በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት የቦዩ ግድግዳ በመደርመሱ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ሊያልፍ ችሏል» ይላል። ሐሰት የለበትም። ዝናብም ጥሏል፣ ግድግዳውም ተደርምሷል። ዳሩ ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊ ሆነው የቆሙት ዝናቡና ግድግዳው ብቻ ናቸው። «ሊያልፍ ችሏል» የምትለውን ሐረግም ልብ በሉልኝ። መሞትን እንደ ችሎታ የምትቆጥር ሐረግ ናት፤ በየፋይሎቻችን ግን ስንት ጊዜ ፈርመንባታል!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩን በልብ ወለድ መልክ ጻፍሁት። ዓላማዬ ሪፖርቱ የተወውን መናገር ነበር። ሰባት ጊዜ ገልብጬ ለአንድ አሳታሚ ድርጅት አቀረብሁት። አርታኢው ከአራት ወር በኋላ ሲመልስልኝ በሕዳጉ ላይ በእርሳስ «ቆፋሪው አለ፤ ፎርማኑ አለ፤ ዝናቡም አለ፤ «ቁፈሩ» ያላቸው ማን ነው?» ብሎ ጽፎበት ነበር። ተቆጣሁ፤ ረቂቁንም መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። ከወራት በኋላ አውጥቼ ሳነበው ግን መሐንዲሱን ከልብ ወለዱም ጭምር እንዳስወጣሁት ተረዳሁ። እርሱን ወደ ቦዩ አፋፍ ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሲያልቅ ደግሞ ድርጅቱ ወረቀት በመወደዱ የጀማሪ ሥራ እንደማይቀበል አስታወቀኝ። ስለዚህ በራሴ ገንዘብ ለማሳተም ስሌት ጀመርሁ። 208 ገጽ በባለ 16 ገጽ እጥፋት 13 እጥፋት ይሆናል። በኤ5 መጠንና በ70 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጂ ያለ ሽፋኑ 226 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እንግዲህ 1,000 ቅጂ፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ ከሁለት ኩንታል በላይ ወረቀት ነው። የገጽ ቅንብሩና የፕሌቱ ወጪ ለ300 ቅጂም ለ3,000ም ያው ስለሆነ፣ ጥቂት ማሳተም ኪሳራ ነው፤ ብዙ ማሳተም ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ መኖር ነው። ዕቁቤ ሲወጣልኝ 1,000 እንዲታተም ተስማማሁ። የደራሲ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቋል፤ የተሸጠበትን ገንዘብ ከየመደብሩ መሰብሰብ ግን የአዋጅ ሳይሆን የእግር ጉዳይ ነው።

ረቂቁን ለማተሚያ ቤቱ ከማስረከቤ በፊት ወደ ሟቹ እናት ሄድሁ። ፈቃዳቸውን ልለምን ነበር፤ ይቅርታም ልጠይቅ ነበር፤ የትኛውን እንደማስቀድም ግን መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄጄ ሳልወስን ደረስሁ። ቡና አፈሉልኝ። ስሙን እንደ ለወጥሁ፣ በዚያ ጠዋት ሥራውን ማስቆም የሚገባኝም እኔ እንደ ነበርሁ ነገርኋቸው። ስለ መጽሐፉ ምንም አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ከአፈሩ ሥር ምን ያህል ቆየ?» አሉኝ።

በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የነገራቸው አልነበረም። እኔ ግን አውቀው ነበር፤ ለሪፖርቱ ሰዓቱን የመዘገብሁ እኔው ነኝና። 40 ደቂቃ መሆኑን ነገርኋቸው። ስኒውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «እንግዲያው እርሱንም ጻፈው» አሉኝ። ልብ ወለዱን እንደ ገና ከፍቼ ጻፍሁት፤ በ61ኛው ገጽ ላይ ይገኛል።

ከ1,000ው ቅጂ 340 ያህሉ እስካሁን ከቤቴ አልወጡም። ሁለተኛውን ጀምሬአለሁ፤ ገና 30 ገጽ ነው። ከመጀመሪያው ጥቂት ይዤ መጥቻለሁ፤ በአዳራሹ በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።