77ቱ እነማን ናቸው?



የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የዕለቱ ባለቤት የሆናችሁ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። እኔ የሰንበቴ ልጅ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ከዚህ ስወጣ አብዛኞቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም። የምኖረው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ሲያትል አጠገብ፣ ሲታክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስጋበዝ «ስለ አሜሪካ ፖለቲካ አውሪያቸው» ተባልኩ። አወራለሁ፤ ከዳር ቆሜ ግን አይደለም። እዚያ አገር ሊበራል ከሚባለው ወገን ነኝ፣ እዚህም ቆሜ ያው ነኝ።

ቃሉ እኛ ዘንድ ክፉ ስም እንደነበረው አውቃለሁ። በኢሕአዴግ ዘመን ሬዲዮው «ኒዮሊበራል» ሲል እንደ ስድብ ነበር የሚሰማው። እዚያ ተራው ሰው ሊበራል ሲል ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው። የታመመ ሰው ገንዘብ አጥቶ ሳይታከም እንዳይቀር፣ ሠራተኛ ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር እንዲደራደር፣ ማንም በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ከሕግ ጥላ ውጭ እንዳይቆም መንግሥት ድርሻውን ይወጣ ማለት ነው። የእኛን ቅሬ፣ እድሩን፣ አስቡት። የሞተው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወጪውም የሁሉም ነው። እኔ ይህን ነገር የተማርኩት እዚያው ቅሬ ላይ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር እንጀራ ስናቀርብ ነው።

የቀረውን የተማርኩት በእሑድ ገበያችን ነው። እናቴ ማሾ ትሸጥ ነበር። ገበያውን ታውቁታላችሁ፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ከቆላ ይመጣል፣ አማራው ከደጋ ይወርዳል፣ አርጎባው ይገባል፣ ኦሮሞው ከየቀበሌው ይደርሳል። አንዳንድ ሻጭ የመስፈሪያ ጣሳውን ቂጥ ከውጭ በድንጋይ ቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ያስገባው ነበር። ከላይ ስታዩት ሙሉ ነው፣ ከሥር ግን አንድ እፍኝ ጎድሏል። እናቴ ከመስፈሯ በፊት ጣሳዋን ትገለብጥና ቂጡን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ለገዢው ታሳያለች። ይህን የምታደርገው በተለይ ቋንቋዋን ለማይሰማ አፋር ነበር። «ለምን ለእነሱ ብቻ?» ብዬ ጠየቅኳት። «የሰፈሬ ሰው ብበድለው አፍ አለው፣ ተመልሶ ይጣላኛል። ይኼ ግን ግመሉን ነድቶ ይሄዳል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕግ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙም ሰምቻለሁ። ከዚህች የሚበልጥብኝ አላገኘሁም።

አሜሪካ ስገባ ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በዊልቸር መግፋት ሆነ። ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ፊሊፒኖው፣ የእኛም ልጆች አብረን ነበርን። በ2013 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። ለቤት ኪራይ ስለማይበቃ ማታ ሌላ ሥራ እገባ ነበር፤ ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነበር። አንድ ክረምት የሳንባ ምች ያዘኝና ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አደርኩ። የጤና መድን አልነበረኝም። የሂሳቡ ፖስታ ሲመጣ ለመክፈት ፈርቼ ሦስት ቀን ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት።

ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 የፈረሙት የጤና ሕግ በ2014 እንደ እኔ ላለው ሰው ደረሰ። በ2017 ሴኔቱ ሊሽረው ሲል፣ የጭንቅላት ካንሰር እንዳለባቸው ገና በቅርቡ የተነገራቸው ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ከወገናቸው ተለይተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ። 51 ለ 49 በሆነ ድምፅ ሕጉ ተረፈ። ለእሳቸው ፓርቲ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ያን ሌሊት ግን ዱዓ አድርጌላቸዋለሁ።

ወደ 2013 ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት ለከተማችን ነዋሪ ፕሮፖዚሽን 1 የሚባል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። የአውሮፕላን ማረፊያውና የሆቴሎች ሠራተኛ በሰዓት 15 ዶላር ይከፈለው፣ ሲታመምም ደመወዙ ሳይቆረጥ ይረፍ የሚል ነው። እኔ ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሥራ ስወጣ የደንብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር በር ለበር መዞር ጀመርኩ።

በእኛ ግዛት ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። ወረቀቱ ቤታችሁ ይመጣል፣ ምርጫችሁን ትሞላላችሁ፣ ፖስታው ላይ ፈርማችሁ ትልካላችሁ። አንዲት ከሐረርጌ የመጡ እናት ቤት ስገባ የምርጫው ፖስታ ሳይከፈት ረከቦት ሥር ተቀምጧል። «የመብራት ሂሳብ መስሎኝ» አሉ። ሞልተው ላኩት። ከሳምንት በኋላ ፊርማዎ ስንመዘግብዎ ከፈረሙት ጋር አይመሳሰልም፣ ያስተካክሉ የሚል ደብዳቤ ከምርጫ ቢሮ መጣላቸው። መጻፍ የተማሩት በስልሳ ዓመታቸው ነው፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። እኔ ልፈርምላቸው አይቻልም፣ ወንጀል ነው። ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። በአራተኛው ትንፋሻቸውን ውጠው ወረቀቱ ላይ ፈረሙና እስክሪብቶውን እንደ ሲኒ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

ወደ 6,000 ድምፅ ተሰጠ። ከምርጫው ማታ አንስቶ በየቀኑ ሲቆጠር ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ድጋሚ ተቆጠረ። በመጨረሻ ያሸነፍነው በ77 ድምፅ ነው። ከዚያም በኋላ ሆቴሎቹ ከጃንዋሪ 2014 ጀምረው ሲከፍሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ግን ከከተማው ሥልጣን ውጭ ነው ተብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 የፈረደልን በኦገስት 2015 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በአሮጌው ደመወዝ ዊልቸር ስገፋ ቆየሁ።

ይህ ድምፅ የመስጠት መብት ግን በነጻ የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሰው ሊመዘገብ ሲሄድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ አንብበህ ተርጉም ይሉት ነበር። ነጩን ያሳልፉታል፣ ጥቁሩ ፕሮፌሰር ቢሆንም ይጥሉታል። ቂጡ የተቀጠቀጠ ጣሳ ማለት ይኼ ነው። በማርች 1965 ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ፖሊስ ይህን መብት የጠየቀውን ሰልፈኛ በዱላ ሲመታ ዓለም አየ። በኦገስት የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። በኦክቶበር ደግሞ ሰውን በትውልድ አገሩ ኮታ ሲመድብ የኖረው የኢሚግሬሽን ሕግ ተሻረ። ሁለቱንም የፈረሙት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። ዲቪ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1990ው ሕግ ነው፣ በሪፐብሊካኑ ቡሽ ፊርማ። የእኔ መንገድ የተጠረገው ሰልማ ላይ በደማው ሰው ነው፤ እሱ ሰንበቴን ሰምቶም አያውቅም።

በጃንዋሪ 27 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አብዛኛው ሕዝባቸው ሙስሊም የሆነ የሰባት አገር ሰዎች እንዳይገቡ አዘዙ። ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም። በማግስቱ ሥራ ላይ ነበርኩ። አብሮኝ ዊልቸር የሚገፋው ሶማሌ ሚስቱ ልትመጣ ቀን ይቆጥር ነበር፤ ስልኩን እያየ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ መጀመሪያ የፈለግሁት ዝርዝሩ ውስጥ አገሬ መኖር አለመኖሯን ነው። አለመኖሯን ሳይ ተነፈስኩ። የእናቴ ጣሳ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አፈርኩ። ማታ ተርሚናሉ በተቃዋሚ ሰው ሞላ፣ እኔም ሥራ ስጨርስ ከመካከላቸው ገባሁ። በሳምንቱ ትእዛዙን ያገዱት የሲያትል ዳኛ ጄምስ ሮባርት ለወንበሩ የታጩት በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ነበር። በኋላ ትእዛዙ ተሻሽሎ ሲመጣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አጸደቀው። የተሻረው በ2021 ነው።

ስለ ራሴም ወገን መናገር አለብኝ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በአገር ደረጃ ወደ 2.9 ሚሊዮን ድምፅ በልጠው በትራምፕ ተሸነፉ፤ በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬንያ በድምሩ ወደ 78,000 ድምፅ ስላነሱ ነው። ግዛት በግዛት የሚቆጥረውን ይህን ደንብ አልወደውም። ሁለቱ ግን በዚያ ደንብ ሊወዳደሩ ገብተዋል፣ ሴትየዋም በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ «እነዚያ ዘረኞች» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔ ከዚያ በፊት ኮፍያቸው ላይ የትራምፕ ስም ያለበት ሽማግሌ በዊልቸር ገፍቼ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘግቶ፣ ልጃቸው ከተማ ተሰዷል። ስንት እንደሚከፈለኝ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አንገታቸውን ነቅንቀው «አይበቃም» አሉ። በእሳቸው በር የእኔ ወገን ሰው አንኳኩቶ አያውቅም ነበር። ይህ ጥፋታችን ነው፣ ከባድም ጥፋት ነው።

የሌላውን ወገን ቅን ሰውም ልንገራችሁ። በ2020 ምርጫ ጆርጂያ ላይ ወደ 5 ሚሊዮን ድምፅ በእጅ ጭምር ተቆጠረ፤ ትራምፕ ተሸንፈው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በጃንዋሪ 2021 ለግዛቱ የምርጫ ኃላፊ ለብራድ ራፈንስፐርገር ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲያገኙላቸው ጠየቁ። ሰውየው ሪፐብሊካን ናቸው፣ ድምፃቸውንም ለትራምፕ ነው የሰጡት። ቁጥሩ ያው ነው ብለው ጸኑ። ከአራት ቀን በኋላ የኮንግረሱ ሕንፃ ካፒቶል በሰው ተወረረ። ልጆቼ ቴሌቪዥን እያዩ «እማማ፣ እኛም እንደ ድሮ አገርሽ ልንሆን ነው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የድሮ አገሬ ነደደች። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ጀውሃ ስማቸው በለቅሶ ሲጠራ ሌሊቱን ስልክ ይዤ አድሬያለሁ። እናንተ ያያችሁትን እኔ ልነግራችሁ አይገባኝም። የእኛን የውጭዎቹን ኃጢአት ግን ልናገር። ሲያትል ላይ አንዱ የኦሮሞውን ሬሳ ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው የአማራውን ብቻ። አንድ ቅሬ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች በአንድ ጣሳ መስፈር አቃተን። እኔም መጀመሪያ ገንዘብ ያሰባሰብኩት ለወገኔ ነው። ለእናቴ ደውዬ እየላክሁ ነው ስላት «የአጣዬዎቹስ?» አለችኝ። እሷ ቤት ያን ቀን ማን ተጠግቶ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አባጋሮች መቀመጥ ሲጀምሩ።

በ77 ድምፅ ማሸነፋችንን የነገርኳትም በስልክ ነበር። ስለ 15 ዶላሩ ምንም አላለችም። «77ቱ እነማን ናቸው?» አለች። «እማዬ፣ ድምፅ ምስጢር ነው፣ አይታወቅም» አልኳት። «ታዲያ ለማን ዱዓ ላድርግ?» አለች። የማውቃቸውን፣ ይሆናሉ የምላቸውን መጥራት ጀመርኩ። ፊርማቸው የተመለሰባቸው የሐረርጌዋ እናት። ኤርትራዊው የታክሲ ሾፌር። ፊሊፒኖዋ የሆቴል አልጋ አንጣፊ። ጡረታ የወጡት ነጭ መምህርት፣ ውሻቸውን ይዘው በዝናብ ከእኔ ጋር የዞሩት። ሃያ ሦስት ላይ ስደርስ ስም አለቀብኝ። «የቀሩትን አላህ ያውቃቸዋል» ብላ ለሁሉም አደረገች።

እናቴ ዛሬ እዚህ አለች፤ ያቺ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰችው። ጠዋት ስንመጣ ተመራቂዎቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቃኝ አላወቅሁላትም። አሁን ስማችሁ ሲጠራ በሙስበሃዋ ትቆጥራለች፤ ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ እንዳይሳሳትባት።